ስለ ልጆች ቀልብ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች ስም ለወላጆች የተነበበ ንግግር





ልጅ በአደባባይ ቆሞ ወላጆቹን ማስተማሩ በአገራችን ልማድ ያልተለመደ መሆኑን እናውቃለን። እኛም ለማስተማር አልቆምንም። እርሻውንም፥ ንግዱንም፥ የቤቱንም አስተዳደር ገና ከእናንተ የምንማር ነን። ነገር ግን ከእናንተ ይልቅ እኛ በቅርብ የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በዚህ ዘመን በራያ ቆላ ልጅ ሆኖ ማደግ ምን እንደሚመስል ነው። ከልጅነት ገና አልራቅንም፤ ታናናሾቻችንንም የምናዝልና የምናስጠና እኛው ነን። ስለዚህ በዛሬው ቀን በእናንተ ፊት ስለ ልጆች ቀልብ ብንናገር ይጠቅማል ብለን አስበናል።

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። በ2013 ዓ.ም. በመስከረምና በጥቅምት፥ ማሽላው ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው፥ የበረሃ አንበጣ መንጋ ሰማዩን ሸፍኖ በሜዳችን ላይ ወረደ። ሕፃናት ሳይቀሩ ቆርቆሮ እየደበደቡና ጅራፍ እያጮኹ ከወላጆቻቸው ጋር ሲያባርሩ ዋሉ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በከተማችንና በአካባቢዋ የተገደሉት ሰላማዊ ሰዎች ኀዘናቸው ከየቤቱ አልወጣም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው በዚሁ በእኛ ሜዳ እንደ ገና ተቀሰቀሰ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስም ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ተንከራተተ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከአላማጣ በኩል የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ከተማችን ገቡ።

ይህን የምንዘረዝረው ማን እንደ በደለ ለመፍረድ አይደለም። ያ የሌሎች ሥራ ነው። የእኛ አሳብ በ2013 ዓ.ም. የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን ይዞ እንደ ገባ ለማስታወስ ብቻ ነው።

የምናየውም ይህ ነው። የቆርቆሮ በር በነፋስ ሲላተም ከአልጋ ሥር የሚገባ ልጅ አለ። መኝታው ላይ መሽናት ከተወ ቆይቶ፥ ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ እንደ ገና የጀመረ አለ። ቀድሞ ተጫዋች የነበረች ልጅ ዝም ብላ ትውላለች። ሌላው በትንሽ ነገር ተነሥቶ ታናሹን ይመታል። በክፍልም ውስጥ ዐይኑን በሰሌዳው ላይ ተክሎ የሚያዳምጥ የሚመስል፥ ሲጠየቅ ግን አንድ ቃል እንኳ ያልያዘ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ስም ታዲያ «ባለገ»፥ «ሰነፈ»፥ «ነገር አይገባውም» የሚል ይሆናል። ስሙ ይህ ከሆነ መድኃኒቱም ቁጣና ዱላ መሆኑ አይቀርም። እንዲህ ሲሆን ልጁ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ በመፍራቱ፥ ሁለተኛም ስለ ፈራ በመቀጣቱ።

የአማርኛ ቋንቋችን ለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ ትክክለኛ ቃል አለው። በድንገት የደነገጠ ሰው «ቀልቤ ተገፈፈ» ይላል። ሐሳቡ ወዲያና ወዲህ የሚሄድበትን ሰው «ቀልብህን ሰብስብ» እንለዋለን። ቀልብ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ልብ ማለት ነው። በወሎ ምድር ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት የሚናገረው ቃል ነው። በመስጊድ የሚሰግደውም፥ በቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሰውም፥ ሰውነቱ በጸሎት ቦታ ቆሞ ሐሳቡ ገበያ እንዳይወርድበት ቀልቡን ይሰበስባል። ስለዚህ የምንናገርበት ነገር ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አይደለም።

በውጭ አገር ሊቃውንትም ዘንድ ይህ ነገር በሰፊው ይጠናል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ የሳይንስ ሰው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፥ ለረጅም ጊዜ በሕመምና በጭንቀት ለሚሠቃዩ ሰዎች የ8 ሳምንት ትምህርት አዘጋጀ። ልምምዱን ያገኘው ከቡድሃ ተከታዮች ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ያቀረበው ግን ማናቸውም ሰው ሃይማኖቱን ሳይለቅ ሊሠራበት በሚችል መንገድ ነው። አሳቡ ባጭሩ ሲገለጥ፥ ሰው አሁን ባለበት ቦታ፥ አሁን የሚሆነውን ነገር፥ በውጭም ሆነ በራሱ ውስጥ ያለውን፥ ለመፍረድ ሳይቸኩል ልብ ብሎ እንዲያይ ነው። አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ሲሉ ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገሩም።

አሁን ወደ ንግግራችን ዋና ፍሬ እንደርሳለን። ትልቅ ሰው ቀልቡን ራሱ ሊሰበስብ ይችላል። ሕፃን ልጅ ግን ብቻውን አይችልም። ልጅ የተበተነ ቀልቡን የሚሰበስበው ካሳዳጊው ፊት፥ ካሳዳጊው ድምፅና ካሳዳጊው እጅ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሎንዶን የታየ ነገር ነው። ከተማይቱ ከአየር በቦምብ በምትደበደብበት ዘመን፥ ከቪየና ተሰዳ እንግሊዝ አገር የገባችው አና ፍሮይድ ከጓደኛዋ ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር ሃምፕስተድ በተባለው ሰፈር ለሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ሁለቱ ሴቶች የልጆቹን ጠባይ በየቀኑ እየተከታተሉ ጻፉ፤ ጽሑፋቸውም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተመ። ያስተዋሉት ነገር ብዙ ሰው ያስገረመ ነው። ቦምብ በወደቀ ጊዜ ከእናቱ ጋር የነበረ ልጅ፥ እናቱ ከረጋች፥ ከተጠበቀው ይልቅ በቶሎ ይረጋ ነበር። እናቱ ከተሸበረች ግን ሽብሩ ወደ ልጁ ይጋባ ነበር። ለደኅንነቱ ተብሎ ከእናቱ ተለይቶ ወደ ገጠር የተላከ ልጅ ደግሞ፥ ቦምብ ሳይሰማ እንኳ፥ በመለየቱ ብቻ ብዙ ጊዜ የባሰ ጉዳት ይደርስበት ነበር።

ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ሌላ ነገር አሳየ። እናት ከጥቂት ወር ሕፃንዋ ጋር ስትጫወት ቆይታ፥ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ያህል ፊትዋን እንደ ድንጋይ አድርጋ ዝም እንድትለው ይደረጋል። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቅላታል፤ ከዚያ እጁን ይዘረጋል፤ በመጨረሻ ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል። እናቲቱ አልመታችውም፥ አልተቆጣችውምም፤ ቀልብዋን ብቻ ነው የነሣችው። በእኛ ቤት ማታ ማታ ከእናት ወይም ከአባት ፊትና ከልጁ መካከል የሚገባው የእጅ ስልክ ይህንኑ የሚመስል ሥራ እንዳይሠራ ልናስብበት ይገባል።

የሰውነትም ሥርዐት ይህን ይደግፋል። ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹ ይቈራረጣል፤ ጡንቻው ይወጠራል፤ በዚያች ሰዓት ለመሸሽ ወይም ለመደባደብ ይዘጋጃል እንጂ ምክር ለመስማት አይዘጋጅም። ትንፋሹን በዝግታ፥ በተለይም ሲያስወጣው አስረዝሞ ሲተነፍስ ግን የልቡ ምት ይቀንሳል። ስለዚህ በሚጮህ ሰው ፊት የቆመ የደነገጠ ልጅ ትምህርቱን አልቀበል ያለው ንቆ አይደለም። ጆሮው ቢሰማም አእምሮው ሊይዘው አልቻለም።

ምናልባት «እኛስ ሰዎች አይደለንም ወይ? እንዴት አንቆጣም?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ቁጣ አይቀርም። ነገር ግን የራያ ገበሬ ስለ ጎርፍ የሚያውቀውን ማስታወስ ይበቃል። በክረምት ጎርፉ ከምዕራቡ ደጋ በጎሊናና በሆርማት እየወረደ ሲመጣ ገበሬው በደረቱ ሊያቆመው አይሞክርም። አይቶ እንዳላየም አያልፈውም። ከመምጣቱ በፊት ቦዩን ይጠርጋል፤ በድንጋይ፥ በአፈርና በቅርንጫፍ መጥለፊያ ይሠራል፤ በመጣም ጊዜ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራዋል። ያ ሜዳውን ጠራርጎ ሊሄድ የነበረ ውሃ ማሽላ ያበቅላል። ቁጣም እንዲሁ ነው። ቦዩ አስቀድሞ የተጠረገለት ሰው ቁጣውን ወደሚጠቅም ነገር ይመራዋል። ቦይ ያልሠራ ሰው ቁጣ ግን የገዛ ልጁን ይዞ ይሄዳል።

ቦዩ እንዴት ይጠረጋል ብትሉ፥ ተነጋግረን የደረስንበት አራት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ወላጅ አስቀድሞ የራሱን ቀልብ ይሰብስብ። ይህ ረጅም ጊዜ አይወስድም። ሁለት እግሩ መሬቱን መርገጡን ልብ ይበል፤ ሦስት ጊዜ በዝግታ ይተንፍስ፤ በልቡም «ተቆጥቻለሁ» ወይም «ፈርቻለሁ» ብሎ ለራሱ እውነቱን ይንገር። ብዙ ጊዜ ቁጣ የሚመስለው ነገር ከሥሩ ሲታይ ለልጅ የተፈራ ፍርሃት ነው።

ሁለተኛ፥ ልጁን ይመልከት። ጥፋቱን ብቻ ሳይሆን ፊቱን፥ እጁን፥ ትንፋሹን ይመልከት።

ሦስተኛ፥ ያየውን በስሙ ይጥራለት። «ደንግጠሃል»፥ «አዝነሻል»፥ «አፍረሃል» ይበል። ልጅ የሚሰማውን ነገር ስሙን ሲያውቀው ፍርሃቱ ይቀንስለታል።

አራተኛ፥ ከዚያ በኋላ ይረመው። እርማቱ አይቅር፤ ተራው ብቻ ይለወጥ።

ምሳሌ እንስጥ። አንድ የ10 ዓመት ልጅ ከብት ሲጠብቅ ከብቶቹ ከጎረቤት ማሽላ ገቡ እንበል። ጎረቤቱ እየጮኸ መጥቷል። አባት በዚያች ሰዓት አለንጋውን ቢያነሣ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ቆም ብሎ፥ ተንፍሶ፥ «ልጄ፥ ከብቶቹ ሲገቡ የት ነበርህ?» ብሎ ቢጠይቅስ? ልጁ ምናልባት «አባባ፥ ከማዶ ተኩስ የመሰለ ነገር ሰማሁና ከቦዩ ውስጥ ገባሁ» ይል ይሆናል። ይህን አለንጋ አያወጣውም። አባትም «ደንግጠሃል፤ እኔም ብሆን እደነግጥ ነበር። አሁን ከብቱን አብረን እንመልስ። ከዚያም ጎረቤታችን ዘንድ ሄደን የተበላውን እንተካለን፤ አንተም አብረኸኝ ሄደህ ይቅርታ ትጠይቃለህ» ቢለው፥ የጎረቤቱ ማሽላ ይካሳል፥ ልጁም ኀላፊነት ይማራል፤ በሌላ ቀን የደነገጠ እንደ ሆነም ወደ አባቱ ይሮጣል እንጂ ከአባቱ አይሸሽም።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከሌሊት እንውሰድ። ልጅ በእንቅልፉ ጮኾ ይነቃና «እማዬ፥ ይመጣሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት ተጠይቋል። «ዝም ብለህ ተኛ» ማለት መልስ አይሆንም። «ከእንግዲህ ምንም አይመጣም» ማለትም ማንም ሊሰጠው የማይችል ተስፋ ነው፤ ልጅም ውሸትን ያውቃል። እናት ግን እውነት የሆነውን ልትነግረው ትችላለች፤ «አሁን በቤታችን ነን። በሩ ተዘግቷል። አባትህ እዚሁ ተኝቷል። እጄ ይኸው፥ ያዘው። ጋቢው ይሞቃል? በበረት ውስጥ ላሚቱ ስታመሰኳ ትሰማታለህ?» እንዲህ እያለች አንድ በአንድ ስትጠይቀው፥ ወደዚያ ክፉ ቀን የሄደውን ቀልቡን ወደዚህች ሌሊት፥ ወደዚህች ቤት ትመልሰዋለች። መድኃኒት አልገዛችም፤ ገንዘብም አላወጣችም።

ለትንንሾቹም የሚሆን ጨዋታ በአካባቢያችን ሞልቷል። ትኩስ ቡና እንደሚበርድበት ሁኔታ ልጁ አፉን ሞጥሞጥ አድርጎ በዝግታ «እፍ» እንዲል ብናስለምደው፥ ረጅም ትንፋሽን ሳያውቀው ተማረ ማለት ነው። ማሽላ ሲደርስ ልጆች በማማ ላይ ወፍ ሲጠብቁ «እስቲ ዐምስት ልዩ ልዩ ድምፅ ቍጠር» ብንላቸው፥ የወፉን፥ የነፋሱን፥ የወንጭፉን፥ የሩቁን መኪና ድምፅ እየለዩ ማዳመጥን ይማራሉ። ድምፅ ሁሉ ተኩስ አለመሆኑንም ጆሮአቸው ዳግመኛ ይለምዳል። በቡና ጊዜም ከአቦል እስከ በረካ ባለው ሰዓት ውስጥ ልጁን «ወደ ውጭ ሂድ» ከማለት ይልቅ፥ ስልኩ ተቀምጦ፥ ለጥቂት ደቂቃ «ዛሬ ምን ደስ አሰኘህ? ምንስ አስፈራህ?» ተብሎ ቢጠየቅና ሳይቋረጥ ቢደመጥ፥ ይህ በቂ ነው።

እዚህ ላይ «ለልጅ ከሳቁለት፥ ለውሻ ከሮጡለት» የሚለውን ተረት የሚያነሣብን ሽማግሌ እንደሚኖር እንገምታለን። ልጅ ገደብ ያጣ እንደ ሆነ እንደሚበላሽ እኛም አንክድም። ግን ቀልብን ሰብስቦ መቅጣትና ልጅን መረን መልቀቅ አንድ አይደሉም። ቀልቡን የሰበሰበ ወላጅ «አይሆንም» ሲል አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ ልጁ የሚሰማው በእውነት እንደሆነ ያውቃልና። በቁጣ የተሰጠ ቅጣት ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው፤ የፈሰሰውን ለመልቀም ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ከአካል ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል። ሕጉ በትምህርት ቤት የከለከለውን ነገር በቤታችን በፈቃዳችን ብንተወው የሚያስወቅሰን አይመስለንም።

የነገሩን ጥቅም ስንናገር ወሰኑንም መናገር ይገባናል። በብሪታንያ በ84 ትምህርት ቤቶች ከ8000 በላይ ተማሪዎች በተካፈሉበት ጥናት፥ ይህ የቀልብ ትምህርት ለከፊሎቹ በክፍል ውስጥ ተሰጥቶ ነበር። በ2022 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ውጤት እንዳሳየው፥ ልጆቹ ከተለመደው ትምህርት የበለጠ ጥቅም አላገኙበትም፤ ብዙዎቹም በቤታቸው አልተለማመዱትም። ልጁን ብቻ ይዞ «ቀልብህን ሰብስብ» ማለት እንደማይበቃ ይህ ያስተምረናል። በሌላ በኩል ግን የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ለትልልቅ ሰዎች የሚሆን አንድ ትምህርት አለ። በኡጋንዳ በራይኖ የስደተኞች ሰፈር ለነበሩ የደቡብ ሱዳን ሴቶች፥ በ5 ስብሰባ ብቻ፥ በሚሰሙት ቋንቋ የተቀረጸ ድምፅና ሥዕል ያለበት መጽሐፍ እየተሰጣቸው፥ ሐኪም ባልሆኑ ሰዎች መሪነት ቀርቦላቸው ነበር። 694 ሴቶች በተካፈሉበት በዚያ ጥናት፥ ትምህርቱን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ጭንቀታቸው ቀንሶ መገኘቱ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። እነዚያ ሴቶች ከጦርነት የሸሹ፥ ብዙዎቹም ልጆች የሚያሳድጉ፥ ኑሮአቸውም ከእኛ ኑሮ ብዙ ያልራቀ ነበሩ። ስለዚህ ከልጁ በፊት ለትልቁ ሰው ማሰብ ይገባል የምንለው ከሜዳ ተነሥተን አይደለም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። በጽኑ የተጎዳ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ዝም በል ሲባል፥ ያየው ክፉ ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ማንም ዐይኑን እንዲጨፍን አይገደድ፤ ዐይኑን ገልጦ ዛፉን ወይም ተራራውን እያየ ቢተነፍስ ይሻላል። ለወራት የማይተኛ፥ ምግብ የሚተው፥ ራሱን መጉዳት የሚናገር ልጅ ሲገኝ ደግሞ «ያልፍለታል» ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የተራበንም ልጅ በትንፋሽ ልናጠግበው አንችልም። ሰላምና እንጀራ የሁሉ መሠረት ነው፤ እኛ የምንናገርበት ነገር ያንን የሚተካ ሳይሆን፥ ያ እስኪሟላ ልጁን ደግፎ የሚያቆይ ነው።

ዝምታንም ሁሉ ጨዋነት አድርገን እንዳንቈጥር እንለምናለን። በተለይ እኅቶቻችን «አንገትዋን የደፋች» ተብለው ሲመሰገኑ፥ ከዝምታቸው ሥር ምን እንዳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በነሐሴ ወር በሶለል ጊዜ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው ሲዘፍኑ ድምፃቸው ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ይሰማል። ያ ድምፅ በቀረው ዐሥራ አንድ ወርም በቤት ውስጥ የሚሰማው ጆሮ ያግኝ።

ክቡራን ወላጆቻችን፤

አሁን ልንናገረው የከበደን ነገር ይህ ነው። እናንተም ተጎድታችኋል። ከእናንተ መካከል በ1977 ዓ.ም. በዚያ የድርቅና የረኃብ ዘመን ሕፃናት የነበራችሁ አላችሁ። ከእኛ በስተ ሰሜን ባለችው በቆረም ሜዳ ላይ የነበረውን ሥቃይ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየ፤ እናንተ ወይም ቤተ ዘመዶቻችሁ ግን በዐይናችሁ አያችሁት። በዚያን ጊዜ የተራበውን የሚመግብ ተፈለገ እንጂ፥ የሕፃኑ ቀልብ የት እንደ ደረሰ የጠየቀ አልነበረም። ሳትጠየቁ አደጋችሁ፥ ሳትጠየቁ ሠራችሁ፥ እኛን ወለዳችሁ፤ ዳግመኛም ጦርነት አገኛችሁ። ለእናንተ ያልተሰጠውን ነገር ለእኛና ለታናናሾቻችን ስጡ ብሎ መለመን ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም የእናንተ ቀልብ ሳይሰበሰብ የእኛ አይሰበሰብም።

ስለዚህ ለራሳችሁም እዘኑ። ለጎረቤት ኀዘን ልቅሶ ተቀምጣችሁ እንደምታጽናኑ፥ የራሳችሁንም ኀዘን ለሚታመን ወዳጅ አውጡት። የቡናው ማኅበር፥ እድሩ፥ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ የተበተነ ቀልብ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። በወሎ የተጣላውን የሚያስታርቅ ሽማግሌ አስቀድሞ ሁለቱንም ሳያቋርጥ ይሰማል፤ በመጨረሻ ይፈርዳል። ይህ ሥርዐት ለትልልቆቹ ጠብ ከተገባ፥ ለልጆቻችን እንባም ይገባል።

እኛም በበኩላችን ባዶ እጃችንን ልንለምን አልመጣንም። ታናናሾቻችንን ስናስጠና ጮኸን እንዳናስደነግጥ፥ «ፈሪ» ብለን እንዳንሰድብ፥ ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው በክፍላችን አጠገባችን የተቀመጡትን ልጆች «መጤ» ብለን እንዳንጠራ፥ ዝም ያለውን ጓደኛችንን ሄደን እንድንጠይቅ እርስ በርሳችን ቃል ገብተናል። ነገ ወላጆች የምንሆነውም እኛ ነን። ዛሬ በቤታችን ያየነውን ነገ በቤታችን እናደርገዋለን፤ ክፉውንም ደጉንም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ስብሰባ ይዛችሁልን እንድትሄዱ እንለምናለን። ዛሬ ማታ ልጃችሁ ባጠፋ ጊዜ፥ እጃችሁን ወይም ድምፃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት፥ ሦስት ጊዜ ተንፍሳችሁ ፊቱን ተመልከቱት። ከዚያ በኋላ የምታደርጉትን እናንተ ታውቃላችሁ።

ለሜዳችን ሰላምን፥ ለማሽላችን ዝናብን፥ ለቤታችሁ ዕረፍትን እንመኛለን።